የሎተሱ ቋጠሮ

የሎተስ ኩሬውን ባለቤት እትዬን ከውሃው ሲያወጧቸው ለማየት የደፈረ ጥቂት ሰው ነበር። የታንኳው ዘንግ ከጆሯቸው በላይ ያለውን አጥንት ወደ ውስጥ አስገብቶታል። አፋቸውና አፍንጫቸው በጥቁር ጭቃ ተሞልቷል። የመታቸው ሰው በምቱ አልረካም ማለት ነው፤ እስትንፋሳቸው እስኪቆም ድረስ ፊታቸውን ጭቃው ውስጥ ደፍቆ ይዟቸዋል። በዙሪያቸው የውሃ አበባው ሎተስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሟል። ሰፋፊ ቅጠሎቹ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አልቀረችም፤ ሎተስ ውሃም ሆነ ጭቃ አይዝም፤ የወደቀበትን ሁሉ አንከባልሎ ይጥላል።

መርማሪዋ ግን ግቢው ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። በሩ ሥር አንድ ግዙፍ ሰው በደም ተነክሮ ወድቋል፤ ሕዝብ ከቦታል፤ አንዱ ገና እየረገጠው ነው። የወደቀው ሰው ጣቶች ጣት በማይታጠፍበት በኩል ታጥፈዋል። ሽጉጧን አውጥታ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተኮሰች። ሰዉ ሲበተን ረጋጩን በኮሌታው ይዛ ጎተተችው።

«እናቴን ገደላት!» አለ እያለከለከ። «ከሜዳ አንስታ ያሳደገችውን እናቴን! ልቀቂኝ ልጨርሰው።»

«ብትጨርሰው የምጠይቀው አንተን ይሆናል» አለችው። «ለአሁኑ ግን እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ዞር በል።»

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ ፊት ለፊት የሚላት ግን የለም። ሃምሳን ተሻግራለች፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ያማርራል፤ ዋና አትችልም፤ ከገንዳ የጠለቀ ውሃ ስታይ ልቧ ድው ድው ይላል። ከዚህ ሁሉ ጉድለት ጋር ግን ገለባና ፍሬ ሲደባለቅባት አትወድም።

የተደበደበው ሰው ቅጽል ስሙ ዳክዬ ነው። እትዬ ወላጅ አልባ ሕፃን ሳለ ወስደው ከልጃቸው ጋር አሳደጉት፤ አድጎ የኩሬው አበባ ቆራጭ ሆነ። ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ አልጋው ላይ በካቴና ታሰረ። የፖሊስ አዛዡ ደግሞ ለወንፊት ስልክ ደውሎ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፤ ኩሬው ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው፣ በዋዜማው አሮጊቷ አባረውታል፣ ነገ ጠዋት ክሱን ይዤ እመጣለሁ፣ አበቃ። ወንፊት ስልኩን ዘግታ በሩ ላይ የቀረውን ደም አየች። ክሱ ከተነበበ ይህ ሕዝብ ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ የጀመረውን እንደሚጨርስ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሰውየው ነፍስ በነገ ጠዋት ላይ ተንጠልጥላለች።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ነገር ደግሞ ወንፊትን ያሳክካታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የቤቱን ሥራ ከሥሩ ጠየቀች። እትዬ በኩሬው ዳር ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የሚሠሩት የፊት ቅባት ነው። የሎተስ አበባ ጠዋት ተከፍቶ ይውላል፤ ቀን ሲያዘቀዝቅ ይዘጋል። እትዬ አመሻሽ ላይ በታንኳ እየዞሩ በመዘጋት ላይ ያሉትን አበቦች ይመርጡና ነጭ ቅባት የተሞላች የጥጥ ከረጢት በየአበባው ሆድ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያም አፉን በክር ይቋጥሩታል። አበባው ሌሊቱን በገዛ ራሱ እየሞቀ ሽታውን ለቅባቱ ሲያጠጣ ያድራል። ሲነጋ ዳክዬ ቆርጦ ያወጣል፤ የእትዬ ምራት በማሸጊያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ክሩን ፈትታ ከረጢቶቹን ታወጣለች፤ ቀማሚው ቅባቱን አቅልጦ ከሌላው ጋር ያዋህዳል፤ የተዋሃደው ተመልሶ በምራቲቱ እጅ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል።

ዛሬ ጠዋት አበቦቹ በሙሉ ተቋጥረው ተገኙ። እንግዲህ፣ ይላል ሰው ሁሉ፣ እትዬ ማታ ሥራቸውን ጨርሰው ገብተው ተኝተዋል፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬው ወርደዋል፤ በዚያ ሰዓት ኩሬው ውስጥ ያለው ዳክዬ ብቻ ነው። በዋዜማው ቀን ደግሞ እትዬ «ከኩሬዬ ውጣ! ሁለተኛ እግርህን እንዳታስገባ!» ብለው ሲጮሁበት ልጃቸው በጆሮው ሰምቷል። የአስከሬን ሐኪሙ ውሃው ሞቃት ስለነበር ሰዓቱን መለየት አቃተኝ አለ፤ ማታም ሊሆን ይችላል፣ ንጋትም ሊሆን ይችላል።

ወንፊት ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ጉልበቷ ሲጮህም አልተነሳችም። የእትዬ የጋብቻ ቀለበት ወርቅ ነው፤ ከላይ ያለው ፊቱ ግን ግራጫ ሆኗል፤ አሮጌ ማንኪያ መስሏል። በመሐረብ አሸችው፤ አልለቀቀም።

«ታንኳውን አምጣ» አለችው ሳጅኑን። «ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም፣ ኢንስፔክተር።»

«እሰይ። ቢያንስ አብረን እንሰምጣለን።»

ሁለት እጇ የታንኳውን ጠርዝ ጨምድዶ፣ ወደ አበቦቹ ገቡ። የሎተስ አገዳ ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን በጥቃቅን እሾህ የተሞላ ነው፤ የሳጅኑ ክንድ ወዲያው ተጫጫረ። ከእትዬ ቤት በኩል ያለውን የመጀመሪያውን አበባ ያዘችና ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች። ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ክሩ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሽቦ ጠብቋል። ጥፍሯ ተሰበረ። በቢላ ቆርጣ ከፈተችው፤ በመሐሉ ያለችው የፍሬ ቋት ቢጫ ናት፤ ሽታው ያውዳል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ ከዚያ ያለውም ሁሉ እንዲሁ ሆነ።

ሬሳው ከተገኘበት ቦታ አልፈው ወደ ማዶው ሲጠጉ ነገሩ ተለወጠ። እዚያ አንዳንዱ አበባ የአበባ ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን ቆሟል፤ ከረጢቶች ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። አንዱን ክር ጫፉን ይዛ ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ትግል ተፈታ። እንደ ጫማ ክር አንድ ጆሮ ወጥቶለት የተቋጠረ ነው። በመሐሉ ያለችው ቋት አረንጓዴ ናት።

«ምን አገኙ?» አለ ሳጅኑ።

«የተሰበረ ጥፍሬን» አለችና ከዚህም ከዚያም አበባ ቆርጣ በሁለት ከረጢት ለየብቻ ያዘች። «አሁን ወደ መሬት መልሰኝ፤ ከዚህ በላይ ጀግንነት የለኝም።»

ቀማሚው ሽማግሌ ናቸው፤ እንፋሎት በሞላው ክፍላቸው እያለቀሱ ያማስላሉ። ሥራ ማቆም ያልቻሉ ሰው ናቸው። ወንፊት ስለ ሎተስ ስትጠይቃቸው እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ብዙ አወሩ። የማያገለግልበት የለም አሏት፤ ሥሩ ይበላል፣ የፍሬው መራራ ልብ ተፈልቶ እንቅልፍ ለራቀው ይጠጣል፣ የደረቀው ቅጠል ተፈጭቶ ደም ያቆማል ይባላል፣ አበባው ደግሞ የተቆጣ ቆዳ ያበርዳል። አያቶቻቸው ያሉትን እሳቸውም ይላሉ። እያወሩ ባዶ እጃቸውን ለብ ባለው ቅባት ውስጥ እስከ አንጓቸው አስገብተው ያሻሉ። በጣታቸው ያለው የወርቅ ቀለበት በቅባቱ ውስጥ ጸሐይ የነካው ይመስል ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ነገር ታዲያ ፊት ይልጣል?»

ሽማግሌው እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እትዬ ሰሞኑን ምን አስጨንቋቸው ነበር?»

ተናገሩት። በቅርቡ አንዲት ሙሽራ ፊቷን በሻሽ ተሸፍና መጣች። ሻሹን ስትገልጠው ጉንጯ ተልጦ ሥጋው ይታያል። የተቀባችው የዚህን ቤት ቅባት ነው። እትዬ እግሯ ላይ ወድቀው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከየብልቃጡ እየከፈቱ የገዛ እጃቸውን ሲቀቡ ይውላሉ፤ የሚናገሩት ነገር ግን አልነበረም። «ማታ ግን» አሉ ቀማሚው «ነገ ገዢውን ሁሉ ሰብስቤ በአደባባይ የምናገረው አለኝ ብለውኝ ነበር። በነጋው ይህ ሆነ።»

«ማታ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ማን ይመሰክርልኛል? ይህ ድስት ካልሆነ።»

«አበባ ሲመርጡስ በምን ይለዩታል?»

ሽማግሌው ጥያቄው ቢገርማቸውም መለሱ። የልጅ ሥራ ነው፣ በመሐሉ ያለችው ቋት ቢጫ ከሆነች አበባው ወጣት ነው፣ አረንጓዴ ከሆነች ጉዳዩን ጨርሷል፣ አይሞቅም፣ ሲነጋ ይረግፋል። ኩሬ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው ይህን አይስተውም አሏት።

ምራቲቱ ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ብልቃጦች መሐል ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል፤ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ እሷ ግን እስከ አንጓዋ የሚደርስ እጅጌ ለብሳለች። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ተሰብረዋል፤ ሁለት ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ጣትሽን ምን አገኘው፣ የኔ ልጅ?»

«ሥራዬ ነው። በየቀኑ ጠዋት ያንን ሁሉ ክር የምፈታው እኔ ነኝ። በመቀስ እንዳልቆርጠው ክሩ ተመልሶ ይፈለጋል፤ በጓንት አይያዝም።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አጥብቀው ነበር የሚቋጥሩት። ለምኛቸው ነበር። አንድ ጆሮ ብቻ ይተዉለት፣ ሳብ ሳደርገው ይፈታልኝ፣ እላቸው ነበር። ሌሊት አበባው ሲሞቅ ይፈታል፣ ጤዛ ይገባል ብለው እምቢ አሉ።»

«ስንት ዓመት ለመንሻቸው?»

«ካገባሁ ጀምሮ።»

ወንፊት ከብልቃጦቹ አንዱን አንስታ አሸተተችው። ከኩሬው አበባ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪ ነበር ብላ እንደ ዋዛ ጠየቀቻት። ምራቲቱ እኔ የማውቀው ጠረጴዛዬ ላይ የመጣልኝን ነው፣ አበባ ሁሉ አበባ ነው አለች። ከዚያ ወንፊት የጋብቻ ቀለበቷን ጠየቀቻት። ጠፍቶብኛል አለች ምራቲቱ። ጣቷ ላይ የቀለበቱ ነጭ አሻራ ትናንት የወለቀ ያህል ይታያል።

የእትዬ ልጅ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ሲያመሽ የነበረው መጠጥ ቤት ነው፤ ባለቤቱም፣ አስተናጋጁም፣ ተሸክመው ያስገቡት ሁለት ጎረቤቶችም መሰከሩለት። ጉልበቱን በዳክዬ ላይ የጨረሰ ሰው ሆኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የእናቱን ልብስ የያዘ ጥቅል ከሐኪሙ ተልኮለት በእጁ ይዞ ነበር። ገመዱን ለመፍታት አልሞከረም፤ ቢላ አውጥቶ ቆረጠው፤ ልብሱን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የምትወደው» አለ በልብሱ ውስጥ። «ከታንኳዋ አታወርደውም ነበር።»

ወንፊት የዳክዬ እግር ላይ አዲስ ስፌት አይታ ነበርና ከዚያ ወጥታ በመንደሩ ወዳለው ክሊኒክ ሄደች፤ ከነርሷ ጋር አወራች፤ አንዱን ብልቃጥና የእትዬን ቀለበት ለላብራቶሪ ላከች። ከዚያ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አደረች።

ጠዋት አዛዡ ክሱን በብብቱ ይዞ መጣ። ወንፊት ሁሉንም በማሸጊያ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው፤ ቀማሚውን፣ ልጅየውን፣ ምራቲቱን። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ቆመ። የጠረጴዛው አንድ ወገን ላይ አንድ ክምር አበባ፣ ሌላው ወገን ላይ ሌላ ክምር ተደረገ።

«ክሱን አንብቢላቸውና እንሂድ» አለ አዛዡ።

«አነባለሁ። መጀመሪያ ግን ይህችን ክር ሳብ ያድርጓት።»

አዛዡ እየተሰላቸ ሳብ አደረጋት፤ ተፈታች። ከሌላው ክምር አንስታ ሰጠችው። ሳበ፤ በጥፍሩ ጫረ፤ በጥርሱ ሊሞክር ሲል ሰው እንዳለ ትዝ አለውና ተወው።

«የጠበቁት የእትዬ ናቸው» አለች ወንፊት። «ከቤታቸው በኩል ተነስቶ ሬሳቸው እስከተገኘበት ድረስ ያለው ሁሉ እንዲህ የተቋጠረ ነው፤ ሁሉም ወጣት አበባ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ደግሞ የላሉ ናቸው፤ አብዛኛዎቹም ያረጁ አበቦች ናቸው፤ ሳይነጋ ረግፈዋል። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረጀ አበባ ቋጥረው አያውቁም። ስለዚህ ሥራውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ የጨረሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ሥራው የሚሠራው አመሻሽ ላይ ነው። እትዬ የሞቱት ሲነጋ አይደለም፤ ማታ በሥራቸው መሐል ነው።»

ቀማሚው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ገዳዩ ለምን ቀሪውን ቋጠረ?» አለ አዛዡ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ግማሹ ቢቀር ማታ እንደሞቱ ይታወቅ ነበር። ሁሉ ከተቋጠረ ግን ሰው በንጋት ሞቱ ይላል፤ በንጋት ኩሬ ውስጥ ያለው ዳክዬ ብቻ ነው። ማታ ግን ዳክዬ ክሊኒክ ነበር። እግሩን ስብርባሪ ብርጭቆ ቆርጦት ነው የሄደው። ለነርሷ ያላትን ልንገራችሁ፤ ‹እትዬ ካልተሰፋህ ከኩሬዬ ውጣ፣ እግርህን እንዳታስገባ ብለው አባረሩኝ› ነው ያላት። እስኪመሽ ተሰፍቶ፣ እስኪነጋ እዚያው አድሮ፣ በጠዋት ሥራ እንዳይቀር ብሎ እያነከሰ ሄደ። ሄዶም ያገኘው ሬሳቸውን ነው።»

ልጅየው ቀና አለ። የሰማው ጩኸት ምን እንደነበረ ገና አሁን ነው የገባው። እጁን አየ፤ በዳክዬ ጥርስ የተላጠው ጉልጥምቱ ገና አልደረቀም።

«እንግዲህ ማን ነው?» ወንፊት ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አልቻለም። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከረጢቱ የት እንደሚገባ፣ ክሩ እንዴት እንደሚዞር ያውቃል። አበባ መምረጥ ግን አያውቅም። ጋሼ ቀማሚ ቢሆኑ ኖሮ አረንጓዴውን አይነኩም ነበር። ልጃቸው ክር ሲያይ ቢላ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ቋጠሮ አያውቅም፤ መጠጥ ቤትም ነበር። የቀረው፣ አበባ ተመርጦና ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣለት ብቻ የሚያየው ሰው ነው። ያ ሰው ጨለማው ሲመጣበት፣ ጣቶቹ ዓመታት ሙሉ የለመኑትን ቋጠሮ ቋጠሩ። አንድ ጆሮ ተዉለት። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል።»

ሁሉም ወደ ምራቲቱ ዞረ። እሷ ግን ወደ ሁለቱ ክምር ብቻ ነበር የምታየው።

«ለምን ብዬ?» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ነበሩ።»

«ቀለበታቸው ግራጫ ሆኗል። ቆዳ በፍጥነት የሚያነጣ የሜርኩሪ ዱቄት ወርቅን እንዲህ ያደርጋል፤ ፊትንም ይልጣል። ላብራቶሪው ከብልቃጡ ውስጥ አግኝቶታል። ጋሼ ቀማሚ ግን በየቀኑ እጃቸውን ከነቀለበታቸው ቅባቱ ውስጥ ይነክራሉ፤ ቀለበታቸው እንደተሠራ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ የሚገባው ከእሳቸው እጅ ከወጣ በኋላ፣ በዚህ ክፍል ነው። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ፤ ለዚያ ነው ቀለበትሽን ያወለቅሽው። አሁን እጅጌሽን ወደ ላይ አድርጊው።»

አላደረገችም። ሳጅኑ ቀረብ ሲል በራሷ እጅ ሰበሰበችው። ክንዷ እስከ ክርኗ በቀጫጭን ቀይ ጭረት ተሸንትሯል፤ ውሃ ውስጥ በሎተስ አገዳ መሐል አንድ ከባድ ነገር ወደ ታች ሲገፋ የነበረ ክንድ ነው።

 ከዚያ ምራቲቱ መናገር ጀመረች፤ እንባ አልነበራትም።

«የእሳቸው ቅባት ጥሩ ነው፤ ግን አያነጣም። ሴቱ ሁሉ ንጣት ነው የሚፈልገው። ትንሽ ትንሽ ነበር የማደርገው። ሙሽራዋ አብዝታ ተቀባች፣ እኔ ምን ላድርግ? ነገ በአደባባይ እንደሚናገሩት ሲነግሩኝ ታንኳ ላይ አብሬያቸው ወጣሁ፤ ለመንኳቸው። እስር ቤት ያስገቡኛል፣ አይናገሩብኝ፣ አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። እየሰሙኝ ይቋጥራሉ፣ አጥብቀው ይቋጥራሉ፣ ነገ ጠዋት እኔ በጥፍሬ የምፈታውን ይቋጥራሉ።» የተሰበሩ ጥፍሮቿን አየች። «ዘንጉን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሲወድቁ እጃቸው ክሩን አልለቀቀም ነበር።»

ልጅየው ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የዳክዬ የአበባ ማጭድ ነበር፤ ማንም ልብ ያላለው። አንስቶት ወደ ሚስቱ አንገት ሲሰነዝር ወንፊት ጉልበቷን ረስታ መሐል ገባች። ማጭዱ ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቀደደው። ብልቃጦች ከመደርደሪያው ዘንበው ተከሰከሱ። ምራቲቱ ወደ ግድግዳው ተለጥፋ ጮኸች፤ ልጅየው ሁለተኛ ሊያነሳ ሲል ሳጅኑ በወንበር ትከሻውን መታው፤ ሁለቱም በቅባትና በደም ላይ ወደቁ።

«ተወኝ!» ይላል ልጅየው መሬት ላይ። «ወንድሜን በእጄ ገደልኩት! በእሷ ሰበብ ወንድሜን ገደልኩት!»

«አልሞተም» አለች ወንፊት። ፊቷ ገርጥቷል። «ዛሬ ሰው ገድለህ እንዳትጸጸት ነው እዚህ የቆምኩት።»

አዛዡ ክሱን ከብብቱ አውጥቶ አየውና ቀደደው። ቀማሚው ከመሳቢያ የደረቀ የሎተስ ቅጠል ዱቄት አምጥተው ክንዷ ላይ ነሰነሱ፤ ከላዩ በጨርቅ አጥብቀው አሰሩት። ዱቄቱ ይሁን ጨርቁ አልታወቀም፤ ደሙ ቀነሰ። ምራቲቱ በካቴና ስትወጣ ወደ ጠረጴዛው ዞር ብላ የጠበቁትን ቋጠሮዎች አየች።

ከሰዓት በኋላ ወንፊት ክንዷን በአንገቷ አንጠልጥላ ሆስፒታል ሄደች። የዳክዬ ካቴና ተፈትቷል፤ ራሱ በፋሻ፣ ሁለት እጁ በጄሶ ተጠቅልሏል። ነቅቷል። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። እትዬን ማን እንደገደላቸው ስትነግረው ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

ከቦርሳዋ አንድ አበባ አውጥታ ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ከጠበቁት አንዱ ነው፤ ከሬሳው አጠገብ የተቆረጠ፤ እትዬ ከቋጠሯቸው የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

«ፍቺልኝ» አለ።

በአንድ እጇ ሞከረች፤ የቀራት ጥፍርም ተሰበረ። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። ምራቲቱን የሚያበሳጫት ምን እንደነበር ጣቷ ላይ ተሰማት፤ ግን ያ ብቻውን ለማንም ምክንያት አይሆንም።

«ወንድምህ ከሳጅኑ ጋር ደጅ ተቀምጧል» አለችው። «ከረፋዱ ጀምሮ። ልግባ አላለም፤ ልሂድም አላለም። ማታ ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ፤ ላደረገብህ ይጠየቃል።»

ዳክዬ አበባውን አየ። የሱን ጣቶች የሰበሩ እጆች ከበሩ ማዶ እንዳሉ ያውቃል። ልጅ ሳሉ ሁለቱ አንድ በርሜል ውስጥ ተደብቀው ይጫወቱ እንደነበረም ያውቃል።

«እሱ ቋጠሮ መፍታት አይችልም» አለ በመጨረሻ። «ከልጅነቱ ጀምሮ ክር ካየ ይቆርጣል። እትዬ ስንቴ መቱት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቢላውን ተቀበዪውና ግባ በዪው። እዚህ ቁጭ ብሎ በጥፍሩ ይፍታው።»

ወንፊት ተነስታ በሩን ከፈተች።